አብሽና ሆርሞን፦ ከብርጭቆው ምን እንጠብቅ?

አብሽ የሌለበት ጓዳ ማግኘት ይከብዳል። ቅቤ ሲነጠር ይገባል፤ ለአራስ ተመትቶ ይቀርባል፤ የወር አበባ ወገቧን ለያዛት ልጅም «አብሽ ጠጪበት» ይባላል። አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ማዕረግ ተጨምሮለታል፤ «ሆርሞን ያስተካክላል» እየተባለ ነው። ከእናንተም መካከል የወር አበባዋ ተዛብቶባት፣ ሐኪም ዘንድ ከመሄዷ በፊት «እስኪ መጀመሪያ አብሹን ልሞክረው» ያለች አትጠፋም። የዚህ ወር ጽሑፋችን በተለይ ለእርሷ ነው።

አብሽ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ሕንዶች ሜቲ፣ ዐረቦች ሁልባ ይሉታል። በዐረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ፣ እዚያም ለአራስ እንደሚሰጥ ሳታዩ አልቀራችሁም። ስለዚህ እናቶቻችን ያለ ምክንያት አልያዙትም። ጥያቄው የትኛውን ሥራ ይሠራል፣ የትኛውንስ አይሠራም የሚለው ነው።

የሆርሞኑ ወሬ ከየት መጣ? በአብሽ ፍሬ ውስጥ ዲዮስጀኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ይህንኑ ንጥረ ነገር ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ አውጥተው ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን ሠርተውበታል፤ የመጀመሪያዎቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችም የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ለውጡ የተካሄደው በላቦራቶሪ ውስጥ፣ በብዙ የኬሚካል ሂደት ነው። የእኛ ሰውነት ዲዮስጀኒንን ወደ ሆርሞን የሚለውጥበት መንገድ የለውም። አብሽ ጠጣን ማለት ሆርሞን ጠጣን ማለት አይደለም።

ታዲያ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። ሲዘፈዘፍ የሚያሙለጨልጨው አሰር (ፋይበር) ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል። የወር አበባ ሕመምን በተመለከተ በኢራን አንድ መቶ ያህል ሴት ተማሪዎች ላይ በተደረገና በ2014 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የአብሽ ዱቄት የወሰዱት ሕመማቸው በተሻለ ሁኔታ ቀንሶ ታይቷል። አንድ ጥናት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተስፋ ግን ይሰጣል።

የጡት ወተትን ይጨምራል የሚለው ላይ የጥናቶቹ ውጤት የተለያየ ነው። ወተት የሚጨምረው ዋናው ነገር ሕፃኑ ደጋግሞ መጥባቱ ነው፤ አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። አብሽ ለእናትየው እንጂ ለልጁ አይደለም፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ወተት ሌላ አብሽም ውኃም አያስፈልገውም።

«ደም ይተካል» የሚለውንም በቁጥር እንየው። በ100 ግራም የአብሽ ፍሬ ውስጥ 33 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ፤ ብዙ ነው። ግን 100 ግራም በአንድ ጊዜ የሚጠጣ የለም። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው ብረት ከ1 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። የወር አበባ የምታይ ሴት ግን በቀን 18 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋታል። ደም ማነስ ያለባት ሴት በአብሽ ብቻ አትድንም።

መጠጣት ለምትወዱ፣ የቤቱ አሠራር አሁንም ጥሩ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት በውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከላይ ያቀረረውን ቢጫ ውኃ ድፉት፤ ንጹሕ ውኃ እየቀያየራችሁ ምሬቱን አስለቅቁት። ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ምቱት። ስኳሩን አታብዙበት። ላባችሁና ሽንታችሁ የአብሽ ሽታ ቢያመጣ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ግን አሉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ በወጥና በቅቤ ውስጥ የሚገባው መጠን አያሳስብም፤ በብርጭቆ እንደ መድኃኒት መጠጣቱን ግን ተዉት፤ ማህፀን እንዲኮማተር ሊያነሣሣ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪማችሁ ንገሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱም እንዲሁ፤ የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ለውዝ ወይም ሽምብራ የማይስማማው ሰው አብሽም ላይስማማው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን አብሽ ጊዜ እንዳያስበላችሁ። የወር አበባ መዛባት በራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። ከኋላው እርግዝና፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የማህፀን ዕጢ (ማዮማ)፣ በዕንቁላል ማምረቻ ላይ የሚታይ የሆርሞን መዛባት ሊኖር ይችላል። አብዛኛውን በእርግዝና ምርመራ፣ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ መለየት ይቻላል። ስለዚህ የሚከተሉት ከታዩ ብርጭቆውን አስቀምጡና ወደ ሐኪም ሂዱ፦

• የወር አበባ ለሦስት ወር ከቀረ፤
• ደሙ ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ፤
• ሕመሙ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ፤
• ካረጡ በኋላ ደም ከታየ፣ ጥቂትም ቢሆን፤
• ለአንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልፀነሳችሁ፤ ዕድሜያችሁ ከ35 በላይ ከሆነ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ።

አራስ ሴት ሞዴሷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል ትወሰድ።

ስለ መፀነስ ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ምክንያቱ በባል በኩልም ሊሆን ይችላልና ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። ሚስት ዓመት ሙሉ አብሽ ስትጠጣ ባል አንድ ቀን እንኳ ላቦራቶሪ ያልሄደበት ቤት ጥቂት አይደለም።

እናቶችና አማቶችም፣ ለልጃችሁ አብሽ ስትመቱላት ደስ ይላል፤ ፍቅር ነው። ብርጭቆውን ስታቀብሏት ግን «ሐኪም አይቶሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። ካላያት አብራችኋት ሂዱ።

መልካም ጤና ይሁንላችሁ!