ሣር ለምን ተናቀ?

በጎንደር ከተማ በዓል ሲደርስ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት ቤት ዓመት በዓል የገባበት አይመስልም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየቡና መሸጫውና በየሆቴሉ በራፍ፣ አልፎ ተርፎም በመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ረከቦቱ በፕላስቲክ ሣር ላይ ሲቀመጥ ይታያል። ይህ ሣር አይደርቅም፤ መዓዛ የለውም፤ በማግሥቱ ተጠርጎ አይወጣም። ሲቆሽሽ ይታጠባል፤ ሲመሽ ይጠቀለላል፤ ሲነጋ ተመልሶ ይነጠፋል። በቄጠማ አገር የፕላስቲክ ቄጠማ ገበያ ማግኘቱ «ጊዜው ነው» ተብሎ የሚታለፍ ተራ ነገር አይደለም። ሣር ከኅብረተሰቡ ሕይወት እየወጣ፣ ምስሉ ብቻ ወደ መቅረት የማምራቱ ምልክት ነው።

ጥፋቱ ግን ከፕላስቲኩ አልጀመረም። ግቢ ላሳምር ብሎ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚታየው እንደ ምንጣፍ የተከረከመ አረንጓዴ መስክና ከሩቅ አገር የመጣ አበባ ነው። የጎንደር ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም የበጋ ወራት ያን መስክ አረንጓዴ አድርጎ ለማቆየት ውሃ ያለማቋረጥ ማፍሰስ ግድ ይላል። ከተማዋን ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ግድብ ግን በደለል መጎዳት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነዋሪውም ውሃ በተራ ይጠብቃል። እናት ጀሪካን አዝላ በምታልፍበት አጥር ሥር የባዕድ ሣር በጎማ ውሃ ሲረሰርስ ማየትን «ውበት» ብሎ መጥራት፣ ቃሉን ራሱን ማዋረድ ነው።

ለመሆኑ አገሬው ሣር ምን ጎደለው? ስንደዶ ክረምቱ ሲወጣ ቀጭን አገዳውን አንሥቶ፣ ጭራ የመሰለ ራሱን በነፋስ ያወዛውዛል። አክርማ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሥሩን አፈር ላይ ቸክሎ ይቆማል። ሰንበሌጥ ከሰው ቁመት ደርሶ በኅዳር ፀሐይ ወደ ቀይ ወርቅ ይለወጣል። በስሜን ከፍታ ላይ ደግሞ ጓሳ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ሐሩር እየተፈራረቀበት መስኩን ሞልቶ ይኖራል። ሁሉም በየዓመቱ መዝራት የማይሹ፣ በጋውን በሥራቸው ተኝተው ዝናም ሲመጣ የሚያቆጠቁጡ ናቸው። ጽናትን የሚሻ አትክልተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ይህን ውበት አስቀድመው ያዩት ሌሎች ናቸው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 በስሜንና በጎንደር ተዘዋውሮ ከሰበሰበው ጋር ወደ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1837 የዚያው ከተማ የዕፅዋት ሊቅ ፍሬዘኒዩስ ከሐበሻ ምድር ከመጡት ዕፅዋት መካከል የስንደዶ ወገን የሆነ አንድ ሣር በሳይንስ መዝገብ አሰፈረ። ራሱ እንደ ባዘቶ ጥጥ ነጭና ለስላሳ የሆነው ይህ ሣር ዛሬ በአውሮፓ ችግኝ መሸጫዎች በማሰሮ ተተክሎ በዋጋ ይሸጣል። በአገሩ ግን የመንገድ ዳር ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ ለማየት የሚመጣው እንግዳ፣ የኢትዮጵያን ሣር በደጁ ተክሎ መጥቶ፣ በጎንደር ሆቴል ግቢ የአገሩን መስክ ያገኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ተቃዋሚው በዚህ ዝም አይልም። «ደጅ ላይ ሣር ማብቀል የመፍረስ ምልክት ነው» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ደጁ ሣር በቀለበት የተባለ ሰው ቤቱ ጠፍ ሆኗል፣ ጠያቂ ዘመድ አጥቷል ማለት ነው። ይሁንና ያው ሕዝብ ለደስታው ቄጠማ ይጎዘጉዛል፤ በጎጃምና በጎንደር ገጠር ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ። እንግዲህ አንዱን ሣር የጥፋት፣ ሌላውን የበረከት ምልክት ያደረገው ምንድን ነው? ሣሩ አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። ሰው ሲጠፋ የበቀለ ሣር ጠፍነትን ያወራል፤ ሰው በእጁ ያመጣው ሣር ደግሞ ሰው መኖሩን ይመሰክራል። በመደብ የተተከለ፣ በጋን የተኮተኮተ ስንደዶም ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ነው። የፕላስቲኩ ሣር ግን ከሁለቱም የለበትም፤ አልበቀለም፣ አልተነቀለም።

ሥራውም የሚያስፈራ አይደለም። ሰኔ ገብቶ አፈሩ ሲርስ ከእርሻ ድንበር፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ አንድ እግር ስንደዶ ወይም አክርማ ከነሥሩ ቆፍሮ በስለት ለሁለት ለሦስት መክፈል ነው። እያንዳንዱ ክፋይ ሥርም ቡቃያም ይኑረው። በመደብ ላይ ሲተከል በመካከሉ የክንድ ያህል ክፍተት ይተውለት። በዕቃ ሲተከል የተሰነጠቀ ጋን፣ አፉ የተሸረፈ ገንቦ፣ የዘይት ቆርቆሮም ቢሆን ያገለግላል፤ ዋናው ነገር ታቹ ተበስቶ ውሃ እንዳይቋጥር ማድረግ ነው። ፍግ አይብዛበት፤ የጠገበ ሣር ረዝሞ ይወድቃልና። መሬት ላይ ያለው ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ራሱን ይችላል። በጋን ያለው ግን ሥሩ የታሰረ ስለሆነ በበጋ ጥቂት ውሃ አይለየው። የደረቀው ቅጠል ዝናም ሲቃረብ ወደ ሥሩ ተጠግቶ ይታጨድ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መሃሉ ሲሳሳ እንደገና ይከፈል። እባብ ይደበቅበታል የሚል ስጋት ላለበትም ይኸው አጨዳ መልስ ነው።

ጓሳ ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል። የብርድ አገር ሣር ስለሆነ ለደባርቅና ለዳባት ግቢ እንጂ ለወይና ደጋይቱ ጎንደር አይመከርም። ከስሜን ፓርክ ነቅሎ ማምጣት ደግሞ ጭላዳው ከሚኖርበት መስክ መስረቅ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበረና፣ የዚያ ትምህርት መረሳት የለበትም። የቀድሞ ሰዎች ለዚህ ሣር ሕግ ነበራቸው። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን በቀሮ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ለሣር ዳኛ የሾመ ሕዝብ ሣርን የናቀ ሕዝብ ሊባል አይችልም። ንቀቱ የኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ወቀሳው የሚያርፈው «ባህል እንጠብቅ» በሚሉት በከያንያኑና በባህል ሠራተኞች ላይ ነው። መሶብ በየመድረኩ ይሞገሳል፣ በየአዳራሹ ይታያል፣ በየፖስተሩ ይሣላል። መሶቡ የሚሰፋው ግን በስንደዶና በአክርማ ነው፤ አለላውም የተቀለመ ስንደዶ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ በፕላስቲክ ክር የተሰፋ መሶብና ሰፌድ በየመደቡ ተደርድሯል። ስንደዶ የሚለቀምበት ዳርቻ ታርሶና ተግጦ ባለቀበት፣ ሰፊዋ ወስፌዋን ይዛ ወዴት ትሂድ? መሶቡን እያወደሱ ሣሩን መርሳት፣ ግጥሙን እየወደዱ ቋንቋውን እንደ መርሳት ነው።

ባዕድ ተክል ሁሉ ይነቀል የሚል የለም። ነገር ግን ለውበት ተብሎ ከደቡብ አሜሪካ በዓለም የተዛመተው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ በደንቢያ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ላይ ያደረሰው በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በአንጻሩ ከስንደዶ ወገን የሆነ ሌላ የአፍሪካ ሣር በሃዋይ ተስፋፍቶ የሰደድ እሳት ማገዶ ሆኗል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2017 አግዶታል። ተክል በአገሩ ጌጥ፣ በሰው አገር አረም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በጎንደር የባህል መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች ግቢ አንዳንድ መደብ ለስንደዶና ለአክርማ ይሰጥ። ሰፊዎች ክረምቱ ሲወጣ ከዚያ እየለቀሙ ይስፉ፤ ልጆችም መሶቡን ከመዳሰሳቸው በፊት ሣሩን በስሙ ይወቁት። ፕላስቲኩ ግን ተጠቅልሎ ወደ ሻጩ ይመለስ፤ በቦታው ቄጠማ ይጎዝጎዝ፤ በማግሥቱም ደርቆ ይጠረግ።