ከዴርቶጋዳ በኋላ ምን እንስማ? ለሀብሩና ለወልዲያ ወጣት



ዛሬ ስለ አንድ ትረካ እናውራ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በመጽሐፍ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። አሁን ግን ብዙው ወጣት የሚያገኘው በጆሮው ነው። ለምን ቢባል፥ ትረካ ኔትወርክ አይለምንም። በ2015 የክልላችን ኢንተርኔት ሲዘጋ ፌስቡኩም ዩቲዩቡም ቀጥ አለ፤ ሜሞሪ ላይ ያለ ትረካ ግን በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ይሄዳል። ማሽላ የሚጠብቀውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ፍየል የሚያግደውም የኛ ልጅ እጁ ሥራ ላይ ሆኖ ይሰማዋል።

እና ለምን ወደድነው? እስኪ እንነጋገር። ዓለም ወሎን ያወቃት በምንድን ነው? በረሃብ ካሜራ ነው። በ1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ዲምብልቢ ፊልም፣ በ1977 ደግሞ ሌላ ፊልም። የአባቶቻችን ፊት የስንዴ መለመኛ ፖስተር ሆነ። እንዲህ ያለ ስም የተለጠፈበት ወጣት፥ ጠፈር የሚመራመር ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት፣ የስለላ ድርጅት የሚያሳድደው ሊቅ፣ የጣና ገዳም ውስጥ የተደበቀ ጥበብ ሲሰማ ቀና ይላል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገን በምናቡ ማየት ያቃተው ሕዝብ ነገን አይሠራም። ስለዚህ «ቅዠት ነው» ብለው የሚያናንቁትን አልቀበልም።

ግን ወገን፥ ስንወደው ጆሯችንን ከፍተን ነው እንጂ ጨፍነን መሆን የለበትም። ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፥ ጥበብ የት ነው ያለው? በትረካው ምሥጢሩ ገዳም ውስጥ ነው። ገዳሞቻችን ክብራችን ናቸው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መጽሐፍ ሲያስጽፍና ሲያስተምር የኖረ ነው። ነገር ግን የጁ ውስጥ ዳናም አለ። ደረሳው ከሩቅ አገር እየመጣ ኪታብ የቀራበት ቦታ ነው። የወሎ ሼኾች መንዙማውን በአማርኛ እየገጠሙ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር በሚቀብርበት ሀብሩ ቁጭ ብለን የጥበብን በር አንድ ብቻ ካደረግነው፥ ግማሽ ወንድሞቻችንን ከታሪኩ አስወጣን ማለት ነው። ወሎዬ ሆኖ ይህን የሚስት የለም።

ሁለተኛ፥ ሊቁ መቼ ነው የሚመጣው? ትረካው «አንድ ቀን ልጆቻችን ከባሕር ማዶ መጥተው ያድኑናል» የሚል ተስፋ ልባችን ውስጥ ይተክላል። ደስ ይላል፤ ግን እየጠበቁ መቀመጥን ያስለምዳል። እስኪ ከወልዲያ ወደ መርሳ ስትወርዱ ስሪንቃ ላይ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል አስታውሱ። በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፤ ስንቶቻችን ነን ምን እንደሚሠራ የጠየቅን?

አቀንጭራን ታውቃላችሁ። አበባው ያምራል፤ ማሽላውን ግን ከሥሩ ይመጠዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላው ሥር አንድ ኬሚካል ሲለቅ ያንን ምልክት ተቀብሎ ይነቃል፤ ተጣብቆም ደሙን ይጠጣል። ከየትኛው የስለላ ታሪክ ያንሳል ይሄ? ምልክቱን ያጠኑት፣ ምልክቱን እምብዛም የማይለቅ ማሽላ ያወጡት የወለንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ሠሩት፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙበት። ዴርቶጋዳ የወጣበት ዓመት መሆኑ ነው! ከዚያ ሥራ የተገኙት ዝርያዎች ስማቸው ጎብዬ እና አብሽር ነው። ጎብዬ የኛው ጎረቤት፣ ቆቦ መንገድ ላይ ያለችው። አብሽር ደግሞ የኛው ቃል። ሊቁ መጣ እኮ! በሮኬት ሳይሆን በማሽላ ዘር መጣ። እኛ ግን ማታ ማታ ሌላ ሊቅ በጆሯችን እንጠብቃለን።

ሦስተኛ፥ ስለ ትረካው ድምፅ። በየቦታው የሚዞሩት አንዳንድ ቅጂዎች ያሳዝናሉ። ሙዚቃው ተራኪውን ይውጠዋል፤ ፍንዳታና ሳይረን ይበዛበታል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ዋናው መሣሪያው የራሱ ጉሮሮ ነበር፤ ጉዱ ካሳንም ፊታውራሪ መሸሻንም በድምፁ ለይተን አወቅናቸው። ተራኪ መሆን የምታስቡ ልጆች እሱን ስሙ። ደግሞ ደራሲው ሳይፈቅድ፣ ሳንቲም ሳያገኝ የተቀዳ ትረካ ስርቆት ነው። «ለወገን ጥበብ» እያልን የወገንን ደራሲ ላብ መብላት አይሆንም። መጽሐፉን ግዙ፤ የተፈቀደውን ቅጂ ስሙ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ወሎ የጆሮ አገር ናት። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም የሆኑት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የራሳችንን ነገ በራሳችን አፍ እንተርክ። መርሳ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ትመስላለች? የመርሳ ወንዝ ቢደርቅ ማንጎውና ብርቱካኑ ምን ይሆናል? ጦርነት በ2014 ያወደመውን የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እንደገና የምታቆመው ልጅ ማን ናት? ዳና ያለ አንድ አሮጌ ኪታብና ሐይቅ ያለ አንድ ብራና ሲገናኙ ምን ይነግሩናል? ይህን ለመጻፍ ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል።

ወጣትነት ሰልፍ መውጣትና መፈክር ማሰማት ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ዘመን ያደገ ታናሽ ወንድማችን ምን እየሰማ እንደሚተኛ ማሰብም ትግል ነው። ጥላቻና ወሬ ከሚሰማ ታሪክ ይስማ። ታሪኩም «ጠብቅ» የሚለው ሳይሆን «ተነሥና ሞክር» የሚለው ይሁን።

ዴርቶጋዳን ስሙ። ስታበቁ ግን ጠዋት በስሪንቃ በኩል ስታልፉ ቆም በሉና ጠይቁ።

አብሽሩ!