የተሻገረው ለቆመችው

የጌም ነገር በተነሣ ቁጥር በመካከላችን ሁለት ድምፅ እንሰማለን። አንዱ «ጊዜ ይበላል» ይላል፤ ሌላው «ልጆች ናቸው፣ ተዉአቸው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ ማንሣት እንወዳለን፤ ጨዋታው ከልጆቻችን ምን እንደሚጠይቅ አጠገባቸው ተቀምጠን አይተናል?

«ፋየርቦይ ኤንድ ዋተርገርል» የሚባለውን እንውሰድ። ኦስሎ አልቤት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጌም ነው። በውስጡ የእሳት ልጅና የውሃ ልጅ የሆኑ ሁለት የሚያሳሱ ትንንሽ ፍጥረቶች አሉ። ሁለት ተጫዋቾች አንድ ኪቦርድ ተካፍለው ያንቀሳቅሷቸዋል። መልኩ የሕፃን ጨዋታ ቢመስልም ትልቁንም ሰው ቁጭ አድርጎ ያሳስባል። እሱ እሳት ላይ በሰላም ይራመዳል፤ ውሃ ከነካው ግን ይጠፋል። እሷ ደግሞ ውሃው አይጎዳትም፤ እሳቱ ግን ያጠፋታል። አንዱ ከጠፋ ሁለቱም ከመነሻው ይጀምራሉ። ሁለቱም በየበራቸው ካልቆሙ ደረጃው አይታለፍም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ መብል ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ እኔን የማይጎዳኝ ነገር ወንድሜን ሊያሰናክለው እንደሚችል አስተምሯል። ልጆች ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ሊረዱት ይችላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን መርገጫው ነው። መንገዱ ተዘግቷል፤ የሚከፈተው አንዷ ወለሉ ላይ ያለውን መርገጫ ረግጣ ስትቆም ነው። ከለቀቀችው ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ የቆመችው ራሷ ማለፍ አትችልም፤ የሚያልፈው ጓደኛዋ ነው። እሱም ብቻውን ወደ መውጫው ቢሮጥ ምንም አይጠቅመውም። ከማዶ ሌላ መርገጫ ፈልጎ፣ በተራው ቆሞ፣ እሷን ማሳለፍ አለበት።

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ኮንም ሆነ በቀረው ሰሜን ወሎ መርገጫ ላይ የቆሙ ብዙ ናቸው። ወንድሞቿ እንዲማሩ ከትምህርት የቀረች የመጀመሪያ ልጅ አለች። ዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ለታናናሾቿ የደብተርና የቤት ኪራይ የምትልክ አለች። ሌሎቹ ከተማ ሲገቡ እናትና አባትን ይዞ የቀረ ልጅ አለ። በኮንፈረንስ ቀን ወጥ ቤት ቆማ ስብከቱን የማትሰማ እናትም አለች። የተሻገረው ሲመረቅ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ለእሷ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይባልላታል። ምስጋና መልካም ነው፤ ነገር ግን የተዘጋውን መንገድ አይከፍትም።

«በፍቅር ያደረገችው ነው፣ ዋጋ አልጠየቀችም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አልጠየቀችም። ፍቅር የራሱን ስለማይፈልግ ነው ሌላው ሊያስብላት የሚገባው። የተሻገረ ሰው ዕዳ ማመስገን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውን መርገጫ መፈለግ ነው ብለን እናምናለን። እህታችሁን የማታ ትምህርት አስመዝግቧት። ከምትልከው ገንዘብ ጥቂቱ በራሷ ስም ባንክ ይቀመጥ። ወላጆችን በተራ ያዙ። በሚቀጥለው ኮንፈረንስ ደግሞ ወጣት ወንዶች ወጥ ቤት ይግቡ፤ እናቶች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስሙ።

ጌሙ ከኑሮ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። እዚያ የጠፋ ሁሉ ወዲያው እንደገና ይጀምራል። የእህታችን ዕድሜ ግን እንደገና አይጀመርም። ስለዚህ «ትንሽ ቆይቼ፣ ራሴን ስችል» የሚለው ቀጠሮ ለቆመችው በጣም ውድ ነው።

ወላጆች፣ ጊዜውን ወስኑላቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን አብራችኋቸው ተጫወቱ። ልጁ በሩን አልፎ ሲደሰት፣ «የቆመችውስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያንኑ ጥያቄ እያንዳንዳችን በጸሎት ሰዓታችን በጌታ ፊት እናቅርበው፤ የአንዲት ሰው ስም ወደ ልባችን ከመጣ ዛሬውኑ እንደውልላት።