«ዞምቢ» የምትሉት ልጅ ስም አለው

እዚህ ካኩማ ያላችሁ፣ ናይሮቢና ካምፓላ የገባችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡኝ ዘመዶቼም ጭምር፣ የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ የሰባኪ የድምፅ መልእክት በየስልኩ ይዞራል። «የዞምቢ ፊልም የሚያይ ልጅ ጋኔን ይገባበታል፣ ስልኩን ቀሙት» ይላል። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እየተቀባበለ ልኮልኛል። መምህር ስለሆንኩ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። የምለው ይኸው፦ ፊልሙ ውስጥ ኃጢአት አለ። ሰባኪው ጣቱን የቀሰረበት ቦታ ላይ ግን አይደለም።

እሱ «ሙት ሲነሳ ማሳየት የሰይጣን ሥራ ነው» ይላል። እንዴ! ሙት ይነሳል ብለን የምናምነው እኛው ክርስቲያኖች አይደለንም እንዴ? ይልቅ አነሳሱን እዩ። አልዓዛር በአራተኛው ቀን ከመቃብር ሲወጣ ጌታ የጠራው በስሙ ነው። መግነዙ ገና እጅና እግሩ ላይ ነበር፤ የመፍታቱ ሥራ ለቆሙት ሰዎች ተሰጠ። መግደላዊት ማርያም የተነሳውን ጌታ አትክልተኛ መስሏት ቆይታ ያወቀችው ስሟን ሲጠራት ነው። በዞምቢ ፊልም ግን ሥጋው ብቻ ይነሳል፣ ስሙ መቃብር ይቀራል። ትናንት ጎረቤት የነበረ ሰው ዛሬ አናቱን ቢሉት ወንጀል የለበትም፤ አልቃሽም ቀባሪም የለውም። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ሰው በሁለት እግሩ እየሄደ ሰውነቱ ይሰረዛል የሚለው ነው ውሸቱ። አንድ ክርስቲያን የሚቆጣ ከሆነ በዚህ ይቆጣ።

«ፊልም እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?» የምትሉኝ ተማሪዎቼ ደግሞ ታሪኩን ስሙ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዞምቢ የመጣው ከሄይቲ ነው፤ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ወገኖቻችን በሸንኮራ እርሻ ካለቁባት አገር። በሄይቲዎች እምነት ዞምቢ ሰው በላ አልነበረም። ጠንቋይ ከመቃብር አስነስቶ ያለ ፈቃዱ በጉልበት የሚያሠራው ምስኪን ነበር። ሰው የሚፈራው ዞምቢ መሆንን ነበር፤ ሞቶም እንኳ ከባርነት አለማረፍን። አሜሪካ ሄይቲን ከ1915 እስከ 1934 በወታደር ይዛ በነበረበት ጊዜ ተረቱ ባሕር ተሻግሮ በ1932 «ዋይት ዞምቢ» የተባለ ፊልም ሆነ። እዚያም ዞምቢዎቹ ገና የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሰው በላ የተደረጉት በኋላ ነው። ተበዳይን አስፈሪ አድርጎ መሳልን እኛ ስደተኞች ካላወቅነው ማን ያውቀዋል?

ደግሞ በሆሊውድ ብቻ አንፍረድ። ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል» ስንል የኖርን ነን። ማረሻ ሠርቶ ያበላንን ሰው «በላን» ብለናል።

በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የሠራውን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ያየ ካለ መጨረሻውን ያስታውስ። ዱዌን ጆንስ የሚባል ጥቁር ተዋናይ ነው ዋናው ሰው። ሌሊቱን ሙሉ ከሙታኑ ጋር ሲታገል አድሮ ከቤቱ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ሲነጋ ጠመንጃ የያዙ አዳኞች ይመጣሉ፤ በመስኮት ብቅ ሲል ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ከሩቅ ግንባሩን ይሉታል። ሬሳውንም ከሌሎቹ ጋር ያቃጥሉታል። ተጣርቶ ማንነቱን የጠየቀ የለም።

ከዚያ «ወርልድ ዎር ዚ» መጣ፣ በ2013። ኢየሩሳሌም በትልቅ ግንብ ታጥራለች። በሩ ይከፈትና የሚሸሹ ሰዎች ይገባሉ፤ የገቡትም በደስታ በድምፅ ማጉያ ይዘምራሉ። ያ ድምፅ ውጭ ያሉትን ሙታን ይጠራል። እንደ ጉንዳን እየተደራረቡ ግንቡን ይወጣሉ፣ ከተማዋ ትጠፋለች። ከዚህ ምን ትማራላችሁ? ለተሳዳጅ በር ከከፈትክ ዝማሬው ያጠፋሃል ማለት ነው እኮ! በሁለተኛው ዓመት፣ በ2015፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዴቪድ ካሜሮን ሜዲትራኒያንን የሚሻገሩትን ሰዎች «መንጋ» አላቸው፤ ለንብና ለአንበጣ በሚባለው ቃል። እኛ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ተቀምጠን ግንቡ ላይ ሆኖ ለሚተኩሰው እናጨበጭባለን። ወንድሜ፣ አንተ ከግንቡ በየትኛው በኩል ነህ?

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ሊቢያ ውስጥ የተሰውትን ወንድሞቻችንን አንርሳ። ገዳዮቻቸው አሰልፈው ሲቀርጿቸው ለዓለም ያሳዩት ስም የሌለው ሰልፍ ነበር። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ለቅሶ የተቀመጠው ግን ቤተሰብ ከዚያ ቪዲዮ ላይ የልጁን ፊት ለይቶ፣ ስሙን ጠርቶ ነው።

ፊልም ሁሉ ይቃጠል አልልም። በ2016 የወጣውን የኮሪያውን «ትሬን ቱ ቡሳን» ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። ባቡር ውስጥ ከሙታኑ አምልጠው የመጡትን ሰዎች ቀድመው የተደላደሉት ተሳፋሪዎች «ተነክሰው ይሆናል» ብለው በር ይዘጉባቸዋል። ፊልሙ የሚፈርደው በር በዘጉት ላይ ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅና አንዲት ነፍሰ ጡር በጨለማ ዋሻ ሲመጡ ወታደሮቹ ሰው ይሁኑ ሙት መለየት ያቅታቸዋል። ተኩሱ የሚል ትእዛዝም ይመጣል። ልጅቷ ግን ለአባቷ ያጠናችውን ዘፈን እያለቀሰች ትዘፍናለች። ወታደሮቹ ድምፁን ሰምተው ቃታውን ሳይስቡ ቀሩ። በኢየሩሳሌሙ ፊልም ከተማ ያጠፋው ዜማ፣ እዚህ ሁለት ነፍስ አዳነ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነውና። መንገድ ላይ ባየው ነገር አእምሮው የታወከ ወጣት በመካከላችን አለ። ጫማ የለውም፣ ብቻውን ያወራል። ውሃ ቧንቧ ሰልፍ ላይ ሲደርስ «ዞምቢ መጣ!» ይባላል። ልጆች ብቻ ቢሆኑ ልጅነት ነው ባልኩ። አዋቂውም ይስቃል። ከሚስቁት ውስጥ እሑድ መዝሙር የሚመሩ፣ ጠዋት ኪዳን የሚያደርሱ አሉ። ሰባኪያችን ጋኔኑን ስልክ ውስጥ ሲፈልግ፣ ፊልሙ ያስተማረው ነገር ሰልፋችን ላይ ቆሟል።

በጌርጌሴኖን አገር የነበረውን ሰው አስቡት። በመቃብር መካከል ይኖር ነበር፣ ሰንሰለት ይበጥስ ነበር፣ ሰው ሁሉ ይሸሸው ነበር። የዘመናችን ልጆች ቢያዩት ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ። ጌታ ቀርቦ ስሙን ጠየቀ። ታሪኩም ሰውየው ልብስ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ ወደ ቤተ ሰቡ ሲላክ ያበቃል።

«ቀልድ ነው» አትበሉኝ። አገራችን ውስጥ ሰው ሰውን «ጅብ»፣ «አረም» ማለት የጀመረ ጊዜም ቀልድ ይመስል ነበር። አረም ይነቀላል፣ ጅብ ይገደላል። ስንቶቻችን ነን ከዚያ ቃል ሸሽተን እዚህ የደረስነው? ታዲያ ያንኑ ቃል ስሙን ቀይረን እዚህ እንዝራው?

እንግዲህ ወላጆች፣ ስልክ ከመቀማታችሁ በፊት ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡና «ይሄ ሰውዬ ሳይነከስ በፊት ስሙ ማን ነበር? እናቱስ የት አለች?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ፎርም ሁለት ክፍል ውስጥ ጠይቄ ሲስቁ የነበሩት ዝም ብለዋል። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ በማቴዎስ ወንጌል 25 ላይ ጌታ የታመመውን መጠየቅ ለራሱ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ያ ወጣት በጠያቂዎቻችሁ ተራ ውስጥ ይግባ፣ ክሊኒክም የሚያደርሰው ሰው ይመደብለት። ተማሪዎቼ፣ ስሙን እዚህ የማልጽፈው ለክብሩ ብዬ ነው። እናንተ ግን ነገ ሰልፉ ላይ ሂዱና ራሱን ጠይቁት። ባይመልስላችሁም በማግስቱ ደግማችሁ ጠይቁት።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ በጨዋ ደንብ እንከራከራለን። ለዚያ ሰባኪ መልእክት የላካችሁ ሰዎች ይህንንም ላኩለት።

ቸር ያሰማን።