የእጅ አቧራ መለኪያ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም

ድሬዳዋ በምድር ባቡር ምክንያት የተቈረቈረች፥ ሙቀትና ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት። በከዚራና በመጋላ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ኾነ ነፋስ በተነሣ ቍጥር ትቢያው ይቦናል። የሲሚንቶው ሥራ፥ የመኪናውና የከሰሉ ጢስም ይጨመርበታል። ታዲያ ነዋሪው «አቧራው ልጆቻችንን አሳላቸው» ብሎ አቤት ሲል፥ ወጣቱ ሹም በእጅ የሚያዝ የብናኝ መለኪያ ይዞ ይወጣል። መልካም ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚችለውንና የማይችለውን ለይተን ልናውቅ ይገባናል።

መለኪያው አየር ይስባል፤ በአየሩም ላይ የሌዘር ብርሃን ያበራል፤ ብናኞቹ ከሚበትኑት ብርሃን ተነሥቶ ክብደታቸውን ያሰላል። በባትሪ ይሠራል፤ መልሱንም ወዲያው ይሰጣል። ከገበያ እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ፥ ከወፍጮ ቤት እስከ ማድ ቤት እየተዘዋወሩ አቧራ የሚበዛበትን ስፍራና ሰዓት ለመፈለግ እጅግ ይጠቅማል። በአንድ ቦታ የተተከለ ትልቅ መሣሪያ ይህን ሊሠራ አይችልም።

ኾኖም መለኪያው ይገምታል እንጂ አይመዝንም። የሲሚንቶ ትቢያና የከሰል ጢስ ብርሃንን የሚበትኑት በአንድ ዐይነት አይደለም። ርካሾቹ መሣሪያዎች ተለቅ ያለውን አቧራ ብዙ ጊዜ አሳንሰው ያሳያሉ። አየሩ ርጥበት ሲበዛበትም ብናኙ ውሃ ይዞ ስለሚያብጥ ቍጥሩ ከልክ በላይ ይወጣል። ከሁሉም በላይ፥ ብናኙ ከፋብሪካ ይምጣ ከወንዝ አሸዋ መሣሪያው አይናገርም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መመሪያው፥ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡ ብናኞች በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም እንዳያልፉ መክሯል። እንግዲህ የአምስት ደቂቃ ቍጥር ከዚህ ልክ ጋር እንዴት ይወዳደራል? ነፋስ በረገበ ጊዜ የተለካው የእናቶችን አቤቱታ ያስጥላል፤ ነፋስ በበረታ ጊዜ የተለካው ያላጠፋውን ያስቀጣል።

ስለዚህ የእጁ መለኪያ ይፈልግ፤ ለፍርዱ ግን 24 ሰዓት አየር ያለፈበት ማጣሪያ በሚዛን ይመዘን። አስቀድሞም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ይህም ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው። ሹሙም ከቍጥሩ ጋር ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጻፍ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።