ላም ጥላ ያስፈልጋታል

ከቦንጋ ከተማ አጠገብ ያለችው ማንኪራ የቡና መገኛ ተብላ የምትጠራ ናት፤ የከፋም ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በዚያ ደን ቡናው የሚያድገው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ለቡና ያስፈለገ ጥላ ለወተት ላምም ያስፈልጋል።

የአገር ላም ሙቀት ትችላለች፤ ወተቷ ግን ጥቂት ነው። ከውጭ አገር ዘር የተዳቀለችው ብዙ ትታለባለች፤ ነገር ግን ብዙ ስለምትበላ በሰውነቷ የሚፈጠረው ሙቀት ይበዛል። የአየሩ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ታለከልካለች፤ መኖዋን ትተዋለች፤ ወተቷ ይጐድላል፤ ለመፅነስም ትዘገያለች።

በእስራኤል አገር ላሞችን ውሃ እያርከፈከፉና በማራገቢያ እያናፈሱ ያቀዘቅዟቸዋል፤ ይህ ግን መብራት ለሌለው ገበሬ የሚቻል አይደለም። ለእርሱ የሚቻለው ጣራውን ከፍ አድርጎ ሣር ማልበስ፥ የበረቱን ጎን ለነፋስ መክፈት፥ መኖውን በጧትና በማታ ማቅረብ ነው። ከ100 እጅ ወተት 87ቱ ውሃ ስለሆነ፥ ንጹሕ ውሃ ከላሟ ፊት መታጣት የለበትም። ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣራ ግን በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል።

ስለዚህ የተዳቀለ ከብት የሚያድሉ ሹማምንት፥ ላሟን ከመስጠታቸው አስቀድሞ በረቷን ሊመለከቱ ይገባል። የቤተ ክርስቲያንን ዛፍ ጠብቀው የኖሩት ካህናትም ምክሩን ለሕዝቡ ቢያስረዱ ይሰማሉ። ለበረት ሲባል ደንን መቁረጥ፥ ጥላን አጥፍቶ ጥላን መፈለግ ነው።