እግር መከተል

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ገና ጨለማ ናት። ቱታ የለበሱ ወጣቶች እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው አስፋልት ዳር የክለባቸውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አውቶቡሱ ከየሰፈሩ እየለቀመ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ ይወስዳቸዋል፤ እንጦጦ የሚወጡም አሉ። ቦታው ሲደርሱ ይሰለፋሉ። አንዱ ይመራል፣ የኋለኛው ዓይኑን ከፊተኛው እግር ላይ ሳይነቅል ይከተላል። መሪው ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለስና ሌላው ይተካዋል።

ማይክል ክራውሊ ይህን ሥርዓት ከውስጡ ሆኖ አይቶታል። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የተማረ አንትሮፖሎጂስት ነው፤ ራሱም የማራቶን ሯጭ ነው። ከኢትዮጵያውያን አትሌቶች ጋር 15 ወር እየኖረና እየሮጠ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2020 በመጽሐፍ አሳትሟል። ከመጽሐፉ ጎልቶ የሚወጣው ስለ ከፍታው ወይም ስለ አመጋገቡ የሰማው አይደለም። በሯጮቹ ዘንድ ብቻውን የሚለማመድ ሰው ብቻውን እንደሚበላ ሰው መታየቱ ነው። ለብቻ የሚበላ ምን እንደሚባል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ልማድ ዛሬ በየመጽሔቱና በየስልኩ ከሚሰበከው የ«ራስን መንከባከብ» ምክር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይጎላል። ምክሩ ሰውን አራት ቦታ ይከፍለዋል፦ ለሰውነት ግማሽ ሰዓት ጂም፣ ለአእምሮ ጥቂት ገጽ ንባብ፣ ለልብ የምስጋና ማስታወሻ፣ ለነፍስ አሥር ደቂቃ ጽሞና። መጥፎ ነገር የለበትም። ግን አራቱም ለብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ቢቀሩም «ምነው ጠፋህ?» የሚል የለም። ሁለት ሳምንት የሞላው ጂም በሦስተኛው ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ስንፍና ይባላል። የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩም ቢታሰብ መልካም ነው።

በ2013 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተው መስቀል አደባባይ ማለዳ ላይ ሌላ መልስ ይሰጣል። ደረጃዎቹን ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ፣ አንዱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው የሚወጡ ሰዎች ከመንጋቱ በፊት ይሞሉታል። ጡረተኛ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ከሥራ በፊት ላብ ሊያወጣ የመጣ ሠራተኛ አለ፤ ሜዳሊያ የሚያልም ልጅም አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል፤ በቀን ሲካፈል 22 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ግን 22 ደቂቃም ሳንባን ይፈትናል። ከአደባባዩ አጠገብ ወዳለው እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ያጣፉ ምዕመናን በዚያው ሰዓት ይገባሉ። አንዱ ለሥጋው፣ ሌላው ለነፍሱ ወጣ ማለት ይቀላል።

ግን ነገሩ እንዲህ የተለያየ አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚጾመው በሆዱ፣ የሚሰግደው በጉልበቱ ነው። ሙስሊሙም በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አድርጎ ሲሰግድ፣ ግዴታ የሆኑት ብቻ ቢቆጠሩ 17 ረከዓ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ሁለት ሱጁድ ስላለ ግንባሩ በቀን 34 ጊዜ መሬት ይነካል። በጀማዓ፣ ማለትም በኅብረት፣ ሲሆን ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነው።

ልብን በተመለከተ ኢትዮጵያ ውስጥ ከቡና የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። ጥሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪፈላ፣ ከዚያም አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ጊዜ ይፈጃል። ጊዜ መፍጀቱ ነው ጥቅሙ። የጎረቤት ፊት መገርጣቱ፣ ልጅ ከሥራ መባረሩ፣ ኀዘን አለመውጣቱ የሚታወቀው ከአቦል እስከ በረካ ባለው ክፍተት ነው። ይህን የሚደግፍ ጥናት ሞልቷል። ተመራማሪዋ ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የላቀ ሆኖ አግኝተውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገልጿል። አፓርታማ ውስጥ ሦስት ዓመት ኖሮ የጎን በሩን ባለቤት ስም የማያውቅ አዲስ አበቤ ሪፖርቱን ማንበብ አያሻውም።

አብሮ መሆን በውድድር ላይም ይታያል፤ አትሌት ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ማራቶን ያደረገችው ሲነሳ ብዙዎች ደግነቷን ያደንቃሉ። ተፎካካሪዋ ፓውላ ራድክሊፍ በሕመም ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ አብራ ቀርታ «አይዞሽ፣ ነይ» ብላታለች። ፓውላ አራተኛ ወጣች። የ37 ዓመቷ ደራርቱ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች። ደግነት መሆኑ አያከራክርም። በቡድን ሮጣ ላደገች አትሌት ግን የሥልጠናው ልማድም ይመስላል፦ ከሰልፉ የቀረ ሲታይ ዞር ብሎ መጥራት።

ወደ ቡናው ስንመለስ ግን ነገሩን አሞካሽቶ ብቻ ማለፍ ሐቅን መሸፈን ይሆናል። በአብዛኛው ቤት ከሰሉን የምታያይዘው፣ ዓይኗ በጭስ የሚያነባው፣ እንግዳው ሲሄድ ረከቦቱን የምታነሳው አንዲት ሴት ናት፤ እናት፣ ሚስት ወይም ሠራተኛ። የሌላው ልብ የሚታከመው በእሷ ጉልበት ነው። ባልየው ከመስቀል አደባባይ ላቡን ጠርጎ ሲገባ ቁርስ ቀርቦ ይጠብቀዋል፤ እሷ ግን በ11 ሰዓት የተነሣችው ለሩጫ አልነበረም።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሕይወቱን ሊያስተካክል ያሰበ ሰው ጫማ ከመግዛቱ በፊት ወደ አንድ ጎረቤት ቢደውልና «ነገ 11 ተኩል በር ላይ እጠብቅሃለሁ» ቢል ይበጀዋል። እሑድ ደግሞ ቤቱ ቡና ሲፈላ የእንጦጦ ሯጮችን ደንብ ያስታውስ። እዚያ መሪው ሲደክመው ተራውን ለኋለኛው ይለቃል። ሲኒ ማጠቡም፣ ከሰል ማያያዙም ተራ ይኑረው፤ እሷም አንድ ጠዋት ደረጃውን ትውጣ።